ስምንት ወር የተጠቀምኩት የጥናት ካርድ አፕ ሪቪው፣ ከሱ በፊት ከሞከርኩት የአእምሮ ጌም ጋር

ነርሲንግ ነው የምማረው፣ ቀን ስራ ማታ ክፍል። ባለፈው ዓመት ፋርማኮሎጂ (የመድሃኒት ትምህርት) ላይ ወደቅኩ፣ ሳላጠና ቀርቼ ቢሆን እሺ፣ ግን አጥንቻለሁ። ሶስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ በማርከር አስምሬ አስምሬ ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነው ፈተና የገባሁት። ጥያቄው ሲመጣ የመድሃኒቱ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ አለኝ፣ ገጹ ትዝ ይለኛል፣ በግራ በኩል ከላይ እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ ከስሩ የነበረው ስዕል እንኳን ይታየኛል፣ ስሙ ግን ጭልጥ ብሎ ጠፍቷል። እንዲህ የሆነባችሁ ካላችሁ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ከፈተናው በኋላ መጀመሪያ የመጣልኝ ሀሳብ «አእምሮዬ ደክሟል» የሚል ነው። ስለዚህ አእምሮ ያሰለጥናል የሚል አፕ አውርጄ የዓመት ሰብስክሪፕሽን ከፈልኩ። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ቆንጆ ነው አሰራሩ፣ ሳጥኖች ብልጭ ብልጭ ይላሉ አንተ በቅደም ተከተል ትነካቸዋለህ፣ ቁጥሮች ይመጣሉ ከኋላ ወደፊት ትላቸዋለህ፣ በየቀኑ ደግሞ «የትውስታ ስኮርህ ጨምሯል» የሚል ግራፍ ያሳይሃል። እውነትም ጨመረ! በሶስት ወር ከ5 ሳጥን ወደ 9 ሳጥን ደረስኩ። ደስ ብሎኝ የፋርማኮሎጂ መጽሐፌን ገለጥኩት፣ ያው ነው። ምንም የተቀየረ ነገር የለም። የትላንቱ ዛሬ የለም።

በጣም ነው የተናደድኩት፣ እና ለምን እንዲህ እንደሆነ ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። በ1980 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ቁጥር እየሰማ መልሶ እንዲደግም ለ20 ወር ገደማ፣ በጠቅላላው ከ230 ሰዓት በላይ አለማመዱት። ሲጀምር እንደማናችንም 7 ቁጥር ነበር የሚይዘው፣ መጨረሻ ላይ 79 ደረሰ። ሰባ ዘጠኝ! ግን ቁጥሩን ትተው ፊደል ሲሰጡት ወደ 6 ተመለሰ። ልጁ ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን በሩጫ ሰዓት እየቀየረ ነበር የሚይዛቸው፣ ማለትም ትውስታው እንደ ጡንቻ አልፈረጠመም፣ ለቁጥር ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው ያበጀው። የኔም 9 ሳጥን እንደዛው ነው፣ ሳጥን ላይ ጎበዝ ሆንኩ። በ2010 ደግሞ ኦወንና ባልደረቦቹ 11,430 ሰዎች ለስድስት ሳምንት እንዲህ አይነት ጌሞች የተጫወቱበትን ጥናት አወጡ፣ ሰዎቹ በተለማመዱት ጌም ላይ ተሻሻሉ፣ ወዳልተለማመዱት ስራ ግን፣ ከተለማመዱት ጋር በጣም ቢቀራረብ እንኳን፣ ጥቅሙ አልተሻገረም። ማስታወቂያው ላይ ይሄ ቢጻፍ ኖሮ አልከፍልም ነበር። (እኔ የተጠቀምኩት ሌላ ነው፣ ግን በ2016 ሉሞሲቲ የሚባለው አፕ ባለቤት ድርጅት ማስታወቂያው አሳሳች ነው ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፣ ይሄ በይፋ የታወቀ ጉዳይ ነው።) ለመዝናናት ከሆነ ተጫወቱት፣ ለትውስታ ብላችሁ ግን አትክፈሉ፣ ከ5 አንድ ኮከብ፣ እሱንም ለዲዛይኑ።

አሁን ወደ ዋናው። የካርድ አፕ የምለው ጥያቄ ከፊት መልስ ከኋላ ያለበትን ነው፣ አንተ መልሱን በአፍህ ወይም በልብህ ትልና ትገለብጠዋለህ፣ ከዛ «ድጋሚ» «ከባድ» «ደህና» «ቀላል» ከሚሉት አንዱን ትነካለህ። ካወቅከው ቀጣዩ ቀጠሮ ይርቃል፣ ከቀን ወደ ሶስት ቀን፣ ወደ ሳምንት፣ ወደ ወር። ካላወቅከው ተመልሶ ዛሬውኑ ይመጣል። በቃ ይሄው ነው። በዚህ መንገድ የሚሰሩ ብዙ አፖች አሉ፣ አንኪ አለ ከ2006 ጀምሮ ያለ፣ ሱፐርሜሞ አለ ፖላንዳዊው ቮዝኒያክ ገና ተማሪ እያለ በ1987 ለኮምፒውተር የሰራው፣ ከነሱ በፊት በ1972 ላይትነር የሚባል ጀርመናዊ ጋዜጠኛ በካርቶን ሳጥን የሚሰራ ዘዴ አስተዋውቆ ነበር፣ አፕ የማይፈልግ ሰው ዛሬም በወረቀትና በሳጥን ሊያደርገው ይችላል። የትኛውን እንደምጠቀም ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው፣ የምገመግመው አሰራሩን ነው።

ሀሳቡ የቆየ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በራሱ ላይ ለዓመታት ሞክሮ በ1885 መጽሐፍ አሳተመ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ ስንቱን እንደሚረሳ ለካ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መልሶ ሲሸመድድ መጀመሪያ ከፈጀበት ጊዜ የሚቆጥበው 58 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 44፣ ከ1 ቀን በኋላ 34 ገደማ፣ ከ31 ቀን በኋላ ግን 21። ይሄን ቁጥር ደጋግሜ ነው ያየሁት። መርሳቱ የሚፈጥነው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠፋው በቀጣዩ ወር ሙሉ ከሚጠፋው ይበልጣል። እኔ ደግሞ ምን ነበር የማደርገው፣ እሁድ አምስት ሰዓት ተቀምጬ አንብቤ ለሶስት ሳምንት ዞር ብዬ አላየውም።

ከሁሉም በላይ ግን የቀየረኝ ቀጠሮው አይደለም፣ መልሱን ከመገልበጥህ በፊት ከራስህ ጭንቅላት ጎትተህ ማውጣት እንዳለብህ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ፣ ተማሪዎች ሁለት አጭር ጽሑፍ አነበቡ፣ አንዱን ደግማችሁ አንብቡት ተባሉ፣ ሌላውን ሳታዩ ያስታወሳችሁትን ጻፉ ተባሉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት 81 በመቶውን አስታወሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት 75። እስካሁን ደግሞ ማንበቡ ያሸንፋል። ከሳምንት በኋላ ግን ካነበቡት 42፣ ከጻፉት 56። እዚህ ጋር ነው የኔ ቢጫ ማርከር ታሪክ ያለው። ደግሜ ሳነብ ሁሉም ነገር የማውቀው ይመስለኝ ነበር ምክንያቱም ገጹ አይኔ ለምዶታል፣ «አዎ አዎ ይሄን አውቀዋለሁ» እያልኩ ነው የማልፈው፣ ግን ሲያዩት መለየትና ሳያዩ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፈተና የሚጠይቀው ደግሞ ሁለተኛውን ነው፣ ታማሚ አጠገብ ስትቆምማ ሌላ ምንም የለም። ካርዱ ይሄን ውሸት አያሳልፍህም። አለህ ወይም የለህም። የመጀመሪያው ሳምንት ያማል፣ ከ20 ካርድ 13ቱን «ድጋሚ» ያልኩበት ማታ ነበር፣ አልዋሽም ላጠፋው ነበር።

ካርድ አሰራሬም መጀመሪያ ላይ ችግር ነበረው። «የኢናላፕሪል የጎንዮሽ ጉዳቶች ምንድን ናቸው» ብዬ (የደም ግፊት መድሃኒት ነው) ከኋላው ዘጠኝ ነገር ደረደርኩ። ሁሌ ሰባቱን እላለሁ ሁለቱ ይቀሩኛል፣ የሚቀሩት ደግሞ በየቀኑ ይለያያሉ፣ «ድጋሚ» ስለው ዘጠኙም ተመልሰው ይመጣሉ፣ በአንድ ካርድ ላይ ሶስት ደቂቃ አጠፋ ነበር። ጆርጅ ሚለር በ1956 በአንድ ጊዜ ልንይዘው የምንችለው ነገር 7 ገደማ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፣ ኮዋን በ2001 እንደገና አይቶት ወደ 4 አወረደው። እኔ በአንድ ካርድ ዘጠኝ እያሸከምኩ ነበር። አሁን አንድ ካርድ አንድ ነገር ነው፣ እና ዝርዝር ሳይሆን ምክንያት እጠይቃለሁ፣ «ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ያዘው፣ ለምን?» መልሱ፣ መድሃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባለውን ሳል የሚያነሳሳ ንጥረ ነገርም ይሰባብር ነበር፣ አሁን የሚሰባብረው ስለሌለ ይጠራቀማል። ይሄ ካርድ አንዴም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ከሆነ ነገር ጋር የተያያዘ ነገር በራሱ ክር ይጎተታል፣ ብቻውን የተንጠለጠለ ስም ግን የት ብለህ ትይዘዋለህ። ስሞቹም ራሳቸው ክር አላቸው፣ በ«ፕሪል» የሚያልቁ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ኢናላፕሪል ካፕቶፕሪል፣ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ደግሞ ሌላ።

የሰው ካርድ ማውረድም ሞክሬያለሁ፣ 4 ሺህ ካርድ ያለው ዝግጁ ስብስብ። አልሰራልኝም። ሰውየው ለራሱ የገባውን ነው የጻፈው፣ እኔ ገና ያልገባኝን ነገር እየሸመደድኩ ነበር። ራሴ ስሰራው ጥያቄውን እንዴት ልጠይቅ ብዬ የማስበው ጊዜ ነው ግማሹ ጥናት።

አሁን ብዙ ሪቪው ላይ ያላየሁት ነገር። አራተኛው ወር ላይ ካርዶቼ ላይ አንድ ችግር አየሁ፣ አፑ 92 በመቶ ትክክል ነሽ ይለኛል፣ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ሲጠይቀን አይመጣልኝም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ራሴን ሳይ፣ ካርዶቹን የማያቸው ተከታታይ ፊልም እያየሁ ነበር። አይኔ ካርዱ ላይ፣ ጆሮዬ ፊልሙ ላይ፣ አውራ ጣቴ «ደህና» ላይ። መልሱን በልቤ አላልኩትም፣ ገልብጬ አይቼ «አዎ ይሄ ነበር» ብዬ ነው የማልፈው። የድሮው ቢጫ ማርከር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ቋንቋችን ይሄን ከኔ በፊት ነው የሚያውቀው፣ ያላስተዋልነውን ነገር «ልብ አላልኩትም» ነው የምንለው፣ አእምሮው ሌላ ቦታ የሄደ ሰው «ቀልቡ የለም» ይባላል። ቀልብ ያልነበረበት ነገር መጀመሪያውኑ አልገባም፣ ያልገባ ነገር ደግሞ እንዴት ይወጣል። አብዛኛው «ረሳሁት» የምንለው ነገር ያልያዝነው ነው፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥክ የጠፋብህ ስታስቀምጠው ስልክ እያወራህ ስለነበር ነው። በ1999 ሳይመንስና ቻብሪስ የሰሩት ሙከራ ታዋቂ ነው፣ ሰዎች ቪዲዮ ላይ ኳስ ስንቴ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ ተባሉ፣ መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሰው መጥታ ቆማ ደረቷን ደቅታ ሄደች፣ ግማሽ ያህሉ አላዩዋትም። አይናቸው ክፍት ነው እኮ። ከሱ በፊት በ1998 ሳይመንስና ሌቪን በሰሩት ሙከራ ደግሞ መንገድ የሚጠይቅ ሰው በሁለት ሰው የተያዘ በር መሀል ሲያልፍ በሌላ ሰው ተቀየረ፣ አቅጣጫ ሲያሳዩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ሰውየው መቀየሩን አላወቁም። በጆሮም ያው ነው፣ ቼሪ በ1953 በሁለቱ ጆሮ የተለያየ ንግግር ሲያሰማቸው አንዱን ብቻ የሚከታተሉ ሰዎች በሌላኛው ጆሮ ቋንቋው ሲቀየር እንኳን ልብ አላሉም። የኔ ፊልምና የኔ ካርድ እንዴት ነው አብረው የሚሄዱት? ሁለቱን በአንዴ እየሰራሁ መስሎኝ ነበር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልኩ ነው የነበረው፣ በየዝላዩ ደግሞ የሚወድቅ ነገር አለ።

ይሄን በጣም ያከበድኩት አንድ ምክንያት አለኝ። ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን የሚባሉ መድሃኒቶች አሉ፣ አንዱ ለደም ግፊት ነው አንዱ ለአለርጂና ለማሳከክ፣ ስማቸው ስለሚቀራረብ በመለዋወጥ የሚታወቁ ናቸው። ልምምድ ላይ እያለን መደርደሪያው ጋር ቆሜ እጄ ወደ ተሳሳተው ሄደ። አንስቼው ነበር፣ አብራኝ የነበረችው እህት ስሙን ጮክ ብላ ስታነብልኝ ነው የነቃሁት። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ እኮ፣ በካርድ ሁለቱንም መልሼያቸዋለሁ። የጎደለው እውቀት አልነበረም፣ ቀልቤ ነው የዛን ደቂቃ ሌላ ቦታ የነበረው፣ አንድ ሰው ከኋላዬ እያናገረኝ ነበር። አሁን መድሃኒት ስይዝ ማንም ቢያናግረኝ አልመልስም፣ ቅር የሚለው ይበለው። ለሁለቱ ስሞች የሚለያቸውን የምጠይቅ ለብቻ ካርድ ሰራሁ፣ ጎን ለጎን አድርጌ።

ከዛ በኋላ አጠቃቀሜን ቀየርኩ። ኖቲፊኬሽን ሁሉ ጠፍቷል፣ 25 ደቂቃ፣ ሌላ ስክሪን የለም፣ መልሱን በድምጽ እላለሁ፣ ድምጽ ማውጣት የማልችልበት ቦታ ከሆነ ካርድ አላይም። «ትክክል ነሽ» የሚለው ቁጥር ከ92 ወደ 81 ወረደ፣ ክፍል ውስጥ የምመልሰው ግን ጨመረ። ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ያለኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለ ጉድለቱ። አንደኛ፣ ከቆምክ ይከመራል። ታምሜ ዘጠኝ ቀን ሳልከፍተው ቀርቼ 640 ካርድ ጠበቀኝ፣ ያንን ቁጥር ማየት ብቻ ያስጠላል፣ በቀን 60 ብቻ እንዲያመጣልኝ ገደብ አድርጌለት በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ጉጉት ይዟችሁ በቀን 50 አዲስ ካርድ አትጨምሩ፣ ዛሬ የጨመርከው ነገና ከነገ ወዲያም ይመጣል፣ እኔ አሁን 12 ነው የምጨምረው። ሁለተኛ፣ ተከታታይ ቀን የሚቆጥረው ነገር፣ «የ74 ቀን ሰንሰለትሽ ሊበጠስ ነው» እያለ በሌሊት ያስነሳኝ ነበር፣ አጠፋሁት። እንቅልፍ ራሱ የጥናቱ አካል ነው፣ ቀን የያዝነው ነገር የሚደላደለው ስንተኛ ነው፣ እንቅልፍን ሰውቶ ካርድ ማየት የያዝከውን እየጣሉ አዲስ መሰብሰብ ነው።

ሶስተኛው ጉድለት የአፑ አይደለም፣ የትውስታ አይነት ጉዳይ ነው። መርፌ መውጋትን በካርድ መማር አትችልም። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባለውን ሰው ታሪክ አንብቡ፣ በ1953 ለሚጥል በሽታው ቀዶ ህክምና ተደርጎለት ከሁለቱም ጎን የሂፖካምፐሱ (አንጎል ውስጥ ለትውስታ ወሳኝ የሆነው ቦታ) ትልቅ ክፍል ከወጣ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቆመ፣ ያናገረው ሰው ክፍሉን ለቆ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚተዋወቀው። ግን ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታደርገው በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፣ ከዚህ በፊት ስሎት እንደሚያውቅ ሳያስታውስ! እስኪሞት ድረስ፣ በ2008፣ ከሱ ብዙ ተማሩ። እጅ የሚያስታውሰውና አፍ የሚያስታውሰው የተለያየ ቦታ ነው የሚቀመጠው ማለት ነው። ስለዚህ ደም ስር ማግኘትን እጅ ላይ እንጂ ስክሪን ላይ አትፈልጉት፣ አፑን በዛ አትውቀሱት።

ታማሚ የነገረኝን ነገርም በትውስታ አልተማመንበትም፣ ወዲያው እጽፋለሁ። ሎፍተስና ፓልመር በ1974 ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ ገሚሱን «ሲጋጩ» ገሚሱን ደግሞ በኃይለኛ ቃል «ሲላተሙ» ስንት ፍጥነት ነበራቸው ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ በኃይለኛው ቃል ከተጠየቁት 32 በመቶ፣ በለዘብተኛው ከተጠየቁት 14 በመቶ አዎ አሉ፣ ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የሚባል የለም። አንድ ቃል ነው የቀየሩት። ማስታወስ ቪዲዮ መልሶ ማጫወት አይደለም፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ይገጣጠማል፣ ሲገጣጠም የጠያቂው ቃል አብሮ ይገባል። ከዚህ በኋላ ታማሚን «ህመሙ ይወጋሃል?» ብዬ መጠየቅ አቁሜ «እንዴት ያለ ህመም ነው?» ማለት ጀመርኩ።

ኮከብ፣ ከ5 አራት። የስም፣ የቃል፣ የመጠን፣ የምክንያት ነገር ለምትማሩ፣ ህክምናም ሆነ ህግ ወይም ሌላ ቋንቋ፣ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ነገ ፈተና ላለበት ሰው ግን አይሆንም፣ ቢያንስ ሁለት ወር ስጡት።

ፋርማኮሎጂን ደግሜ ወስጄ አልፌዋለሁ። ትላንት ማታ ከአራት ወር በኋላ አንድ ካርድ መጣ፣ ያው የሃይድራላዚንና የሃይድሮክሲዚን። ወዲያው አልመጣልኝም፣ አይኔን ጨፍኜ አስር ሴኮንድ ያህል ቆየሁ፣ መደርደሪያው ታየኝ፣ የልጅቷ ድምጽ ተሰማኝ፣ ከዛ ሁለቱም መጡ። «ደህና» የሚለውን ነካሁ። ቀጣዩ ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው ይላል፣ ያኔ ተመርቄ ስራ ላይ ነኝ።